ጽሑፍን በየመስመሩ ወደ ፋይል መጻፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ማታ ማታ ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ። ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከ12 ሰዓት በኋላ፣ ተማሪዎቼ ላፕቶፓቸውን ይዘው ይመጣሉ። አብዛኞቹ የሚማሩት ለፈተና ብለው አይደለም። የእናታቸውን ሱቅ የዱቤ መዝገብ፣ የወንድማቸውን ባጃጅ የቀን ገቢ፣ ከሐረር የሚመጣውን ቡና ሚዛን ኮምፒውተር ላይ ማስፈር ይፈልጋሉ። ታዲያ ሁሉም ገና በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ፤ እያንዳንዱን ነገር በየራሱ መስመር ፋይል ውስጥ ማስገባት ላይ። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ተስፋ ቆርጠው ሲቀሩ ያየኋቸው ልጆች ግን ብዙዎቹ የቀሩት እዚችው ጋ ነው፤ ያ ደግሞ ከልቤ ያሳዝነኛል። ስለዚህ በየወሩ የምመልሳቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ምሳሌዎቹ ፓይተን በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ናቸው። የትዕዛዞቹን ስም እንደሚነበቡት በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ኮዱ ላይ ስትጽፏቸው ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

ሎፑ ደጋግሞ ጽፏል፤ ፋይሉን ስከፍተው ግን ሁሉም ተጣብቆ አንድ መስመር ሆኗል። ምን አጠፋሁ?

ኮምፒውተሩ መስመር የሚባል ነገር አያውቅም። ለእሱ ፋይል ማለት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ የተሰለፈ ባይት ነው፤ ባይት ማለት አንዲት ትንሽ ቁጥር ናት። እኛ መስመር የምንለው በሰልፉ መሃል የገባ አንድ የማይታይ ምልክት የሚፈጥረው ነው። ኖትፓድም ሆነ ሌላ ኤዲተር ያን ምልክት ሲያገኝ ወደ ታች ይወርዳል፤ ካላገኘ አይወርድም። ምልክቱ ኮድ ውስጥ የሚጻፈው ባክስላሽን፣ ማለትም ወደ ግራ ያዘመመችውን ሰረዝ፣ አስቀድሞ ትንሿን ኤን በማስከተል ነው። ስትጽፉት ሁለት ፊደል ይመስላል፤ ፋይሉ ላይ የሚያርፈው ግን አንድ ባይት ብቻ ነው፣ ቁጥሩም 10 ነው (ዊንዶውስ ላይ የሚለየውን ወደ ኋላ እናያለን)።

ራይት የተባለው ትዕዛዝ የሰጣችሁትን ይጽፋል፤ ከዚያ ውጭ አንዲት ነጥብ አይጨምርም። ለገሃር ጣቢያ ቆመው ያዩ ሰዎች እንደሚያውቁት ፉርጎ በፉርጎ ላይ ይቀጠላል እንጂ በራሱ ጊዜ ርቆ አይቆምም። ራይትም እንደዚያው ነው፤ የሚቀጥለውን ከቀደመው ጫፍ ላይ ይቀጥላል።

ይህ ምን እንደሚያስከትል በአንድ ተማሪዬ ላይ አይቻለሁ። ሳቢያን ሰፈር ላለው የእናቱ ሱቅ የዱቤ ፕሮግራም ሠራ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ፋይል አለው፤ ዱቤ በተወሰደ ቁጥር ብሩን እዚያ ይጽፋል። አንዲት ጎረቤታቸው ጠዋት የ120 ብር ዘይት፣ ከሰዓት የ50 ብር ስኳር ወሰዱ። ፋይሉ እንዲህ መሆን ነበረበት፦

120
50

የነበረው ግን እንዲህ ነው፦

12050

ፕሮግራሙ «ስህተት» አላለም፤ ምክንያቱም 12050 ትክክለኛ ቁጥር ነው። ማታ ድምሩ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ እናቱ አይተው «ኧረ ልጄ፣ እኚህ ሴት የአሥራ ሁለት ሺህ ብር ዕቃ ከሱቄ ወስደው አያውቁም!» አሉ። ደንበኛቸውን ባያውቁ ኖሮ ያ ቁጥር እንዳለ ዕዳ ሆኖ ይቀር ነበር። ስሞች ሲጣበቁ ዓይን ያየዋል። ቁጥሮች ሲጣበቁ ግን ሌላ ቁጥር ይወልዳሉ፤ ለዚህ ነው ጉዳዩን አጥብቄ የምይዘው።

መፍትሔው አጭር ነው፤ ራይት ውስጥ ከምትጽፉት ነገር ኋላ የመስመር ምልክቱን ደምሩ። የምትጽፉት ቁጥር ከሆነ መጀመሪያ ስትር በተባለው ፋንክሽን ወደ ጽሑፍ ቀይሩት፤ ራይት ጽሑፍ እንጂ ቁጥር አይቀበልም።

ስክሪን ላይ በፕሪንት ሳወጣው እኮ በየመስመሩ ይወጣል!

አዎ፣ ፕሪንት መጨረሻ ላይ ምልክቱን ራሱ ስለሚጨምር ነው። ብዙ ሰው ልብ የማይለው፣ ፕሪንት ወደ ፋይልም መጻፍ ይችላል። በቅንፉ ውስጥ ከጽሑፉ ቀጥሎ ፋይል የሚለውን ቃል፣ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ የከፈታችሁትን ፋይል የያዘውን ስም ጻፉ። ቁጥሩንም ራሱ ወደ ጽሑፍ ይቀይረዋል። ለጀማሪ የምመክረው ይህንን ነው።

ራይትላይንስስ? ስሙ «መስመሮችን ጻፍ» አይደል የሚለው?

ስሙ እንደዚያ ይላል፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። ሊስት ተቀብሎ በውስጡ ያሉትን አንድ በአንድ ይጽፋል እንጂ በመካከላቸው ምንም አያስገባም። ሊስቱ ውስጥ ያሉት ጽሑፎች እያንዳንዳቸው ምልክቱን ይዘው ካልመጡ ተጣብቀው ይቀራሉ። ሌላው መንገድ ጆይን ነው፦ በመስመር ምልክቱ ሊስቱን አያይዞ አንድ ረጅም ጽሑፍ ያደርገዋል፣ እናንተ በአንድ ራይት ትጽፉታላችሁ። ጆይን ግን ምልክቱን የሚያስገባው በመካከል ብቻ ነው፤ ከመጨረሻው በኋላ አያስገባም። ይህ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይወስደናል።

የመጨረሻው መስመር ላይም ምልክቱ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል። የዩኒክስ ቤተሰብ ስርዓቶች (ሊኑክስና የዛሬው ማክ ያሉበት) የሚመሩበት ፖዚክስ የተባለው ደንብ መስመርን የሚተረጉመው በመጨረሻው ምልክት የሚዘጋ ብሎ ነው፤ ያልተዘጋ መስመር ለእሱ ገና ሙሉ መስመር አይደለም። ሊኑክስ ላይ መስመር የሚቆጥረው ትዕዛዝ የሚቆጥረው እነዚህኑ ምልክቶች ስለሆነ፣ አሥር ስም ጽፋችሁ የመጨረሻውን ካልዘጋችሁ 9 ይላችኋል።

ከቆጠራው የሚብሰው ግን ነገ የሚመጣው ነው። ዛሬ ያልዘጋችሁት መስመር ላይ ነገ ፕሮግራሙ ሲጨምር ያ 120 እና 50 ተመልሶ ይመጣል። እኔ ምልክቱን ሁልጊዜ ከጽሑፉ ኋላ እንጂ ከፊት አላደርገውም። ከፊት የሚያደርጉ አሉ፤ ፋይሉ በባዶ መስመር ይጀምርና አንባቢው ፕሮግራም እዚያው ይሰናከላል።

ትናንት የጻፍኩት ዛሬ ጠፋ። ማን አጠፋው?

የከፈታችሁበት ሁኔታ ነው ያጠፋው። ኦፕን ስትሉ የምትሰጡት ፊደል ዳብልዩ ከሆነ፣ ፋይሉ ገና ሲከፈት፣ አንድ ቃል እንኳ ሳትጽፉ፣ ውስጡ ያለው በሙሉ ይጠረጋል። ኤ ከሆነ የቆየው እንዳለ ይቀመጥና አዲሱ ከመጨረሻው ይቀጥላል። ኤክስ ደግሞ ፋይሉ ከዚህ በፊት ካለ አልከፍትም ብሎ ስህተት ይሰጣችኋል፤ መጥረግ ለሚፈራ ሰው ጥሩ ጠባቂ ነው።

ይህን የተማርኩት በከባድ መንገድ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ዕድር የወር መዋጮውን እንድመዘግብለት ጠይቆኝ ፕሮግራም ጻፍኩ፤ በዳብልዩ ከፈትኩት። የመጀመሪያው ወር በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ወር የመጀመሪያውን ሰው መዋጮ ስናስገባ ያለፈው ወር በሙሉ ጠፋ። የዕድሩ ጸሐፊ የደረሰኝ ቅጂዎቹን በላስቲክ ጠቅልለው ባያስቀምጡ ኖሮ ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ የምናውቅበት መንገድ አልነበረም። ሦስት ማታ ሙሉ እሳቸው እያነበቡ እኔ እየጻፍኩ መለስነው። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ መዝገብ የሚባል ነገር በዳብልዩ ከፍቼ አላውቅም።

የዚሁ ችግር ሌላ መልክ አለ። «ሎፑ መቶ ጊዜ ዞሯል፣ ፋይሉ ውስጥ ግን የመጨረሻው ብቻ አለ» የሚሉኝ አሉ። ኦፕን ሎፑ ውስጥ ስለገባ ነው፤ በዞረ ቁጥር ጠርጎ እንደገና ይጀምራል። ፋይሉን ከሎፑ በፊት አንድ ጊዜ ክፈቱት፣ ውስጥ ጻፉ፣ ሲያልቅ ዝጉት።

መብራት ሲጠፋ የጻፍኩት ለምን አብሮ ጠፋ? ራይት ብዬው ነበር እኮ።

ራይት ያላችሁት ወዲያው ዲስክ ላይ አያርፍም። ዲስክ ዘገምተኛ ስለሆነ ፕሮግራሙ ጽሑፉን በሜሞሪ ውስጥ ያጠራቅምና ሲበዛ በአንዴ ይልከዋል። ማጠራቀሚያው ባፈር ይባላል። መብራት ድንገት ሲሄድ ባፈሩ ውስጥ የነበረው አብሮ ይሄዳል። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፤ ሱቆቻችን ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ዴስክቶፖች ግን የላቸውም፣ ስለዚህ ይህ ለእኛ የየሳምንቱ ጉዳይ ነው።

ሦስት ነገር ይረዳል። አንደኛ፣ ፋይሉን ዊዝ በተባለው ቃል ክፈቱት። ከዊዝ ብሎክ ስትወጡ ፋይሉ በራሱ ይዘጋል፤ መሃል ላይ ፕሮግራሙ በስህተት ቢቋረጥም ይዘጋል። ሲዘጋ ባፈሩ ይራገፋል። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ ቀኑን ሙሉ ክፍት የሚውል ከሆነ ከእያንዳንዱ ሽያጭ በኋላ ፍላሽ የተባለውን ትዕዛዝ ጥሩ። ፍላሽ ጽሑፉን ከፕሮግራሙ ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያሻግረዋል፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ደግሞ የራሱ ማቆያ አለው። ሦስተኛ፣ የግድ ዲስክ ላይ ይረፍ ለምትሉት ከፍላሽ ቀጥሎ ኦኤስ ከተባለው ሞጁል ኤፍሲንክን ጥሩ። ኤፍሲንክ ያዘገያል፤ አንድ ሚሊዮን መስመር ለሚጽፍ ሰው አይመከርም። በቀን ሁለት መቶ ሽያጭ ለሚመዘግብ ሱቅ ግን መዘግየቱ አይታወቅም፣ ስለዚህ ተጠቀሙበት።

ነባሩን ፋይል ሙሉ በሙሉ መለወጥ ካለባችሁ ደግሞ በላዩ ላይ አትጻፉ። በሌላ ስም አዲስ ፋይል ጽፋችሁ ዝጉት፣ ከዚያ በኦኤስ ሪፕሌስ የአሮጌውን ቦታ አስይዙት። መብራት በመሃል ቢጠፋ አሮጌው እንዳለ ይቆያችኋል።

ሊኑክስ ላይ የጻፍኩት ዊንዶውስ ላይ፣ ዊንዶውስ ላይ የጻፍኩት ሊኑክስ ላይ ይበላሻል። ለምን?

ፍርድ ቤት ደጅ ተቀምጠው በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ የሚጽፉትን አስታውሱ። መስመሩ ሲሞላ ደወሏ ታቃጭላለች፣ ጸሐፊው በግራ በኩል ያለውን እጀታ ይገፋሉ። በዚያች አንድ ግፊት ሁለት ነገር ይሆናል፦ ወረቀቱ አንድ መስመር ወደ ላይ ይሽከረከራል፣ ወረቀቱን የያዘው ተንሸራታች ክፍል ደግሞ ወደ መጀመሪያው ቦታ ይመለሳል። በሽቦ መልእክት ይልኩ በነበሩት የጥንት ማሽኖች ሁለቱ ሥራዎች ሁለት የተለያዩ ትዕዛዞች ነበሩ፤ አንዱ መልስ፣ ሌላው አውርድ። በ1963 የወጣው አስኪ የተባለው የፊደላት ሰንጠረዥ ሁለቱንም ወረሰ፦ መላሹ ቁጥር 13፣ አውራጁ ቁጥር 10።

ከዚያ ሰዎች ተለያዩ። ዩኒክስና ከእሱ የወጡት፣ ሊኑክስም የዛሬው ማክም፣ 10 ብቻ ይበቃል አሉ። ዊንዶውስ 13ንም 10ንም በዚሁ ቅደም ተከተል ያስገባል። የድሮው ማክ ደግሞ 13ን ብቻ ይጠቀም ነበር። ያ የጽሕፈት መኪና እጀታ ይኸው እስከ ዛሬ ፋይላችን ውስጥ አለ።

የዊንዶውስ ኖትፓድ 10ን ብቻውን እንደ መስመር መጨረሻ መቀበል የጀመረው በ2018 ነው። ቆየት ያለ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር ላይ የሊኑክስ ፋይል ስትከፍቱ ሁሉም አንድ ላይ ተጣብቆ ካያችሁት ፋይላችሁ ደህና ነው፤ በሌላ ኤዲተር ክፈቱት። በተቃራኒው ዊንዶውስ ላይ የተጻፈ ፋይል ሊኑክስ ላይ ሲነበብ፣ አንዳንድ ፕሮግራም 13ቱን እንደ ተራ ፊደል ይወስደዋል። «ከድር» ብላችሁ ትፈልጋላችሁ፣ ስሙ ፊት ለፊታችሁ ቁጭ ብሏል፣ ፕሮግራሙ የለም ይላል። የማይታየው 13 ከስሙ ጫፍ ላይ ተለጥፏልና ሁለቱ እኩል አይደሉም።

ኮድ ስትጽፉ ባክስላሽ ኤን ብቻ ተጠቀሙ። ፓይተን ዊንዶውስ ላይ ሲሆን ራሱ ወደ 13 እና 10 ይቀይረዋል። እናንተ በእጃችሁ 13ቱን ከጨመራችሁ ፋይሉ ላይ ሁለት 13 እና አንድ 10 ያርፋል፣ በየመስመሩ መካከል ባዶ መስመር ይመጣል።

በአማርኛ ስጽፍ ለምን ስህተት ይመጣል? ጓደኛዬ ተመሳሳዩን ኮድ ተጠቅሞ ሠርቶለታል።

ይህ የድሬ ልጆች ጥያቄ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ አንዱ በአፋን ኦሮሞ፣ አንዷ በሶማሊኛ፣ ሌላው በአማርኛ ስም ይመዘግባል። አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ኮዱ ያለ ችግር ያልፋል። አማርኛ ላይ ሲደርስ ቻርማፕ የሚል ቃል ያለበት ረጅም ቀይ ጽሑፍ ይወጣል። ልጁ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል፤ አይደለም። ዊንዶውስ ላይ ፓይተን ፋይል ሲከፍት ምንም ካልተነገረው የቆየ የምዕራብ አውሮፓ የፊደል ሰንጠረዥ ሊይዝ ይችላል፤ እዚያ ውስጥ ሀ የለችም።

ኦፕን ስትሉ ኢንኮዲንግ እኩል ይሆናል ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ ጨምሩ፤ ኢንኮዲንግ ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበት ስልት ነው፣ ዩቲኤፍ-8 ደግሞ የእኛንም ፊደል የሚይዘው ነው። ስትጽፉም፣ ስታነቡም። በቃ፣ ይኸው ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 ስሪት ሲሆን በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዷ ፊደል 3 ባይት ትይዛለች። «ሐረር» 9 ባይት፣ «ድሬዳዋ» 12 ባይት ማለት ነው፤ የመስመር ምልክቱ ያው 1 ነው (ዊንዶውስ ላይ 2)። የፋይላችሁ መጠን ከጠበቃችሁት ሦስት እጥፍ ቢሆን አትደንግጡ።

ፋይሉን ከፍታችሁ ከፊደሉ ፈንታ ሳጥን ሳጥን ካያችሁ ፎንት ነው የጎደለው፤ ጽሑፉ ደህና ነው። ፋይሉ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ካገኛችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ ፊደሎቹ ሲጻፉ ጠፍተዋል፣ ከዚያ ፋይል ውስጥ መመለስ አይቻልም። ኤክሴል ላይ ከፍታችሁ የማይነበብ የላቲን ቅልቅል ከሆነ፣ ኤክሴል ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን አላወቀም፤ ስትጽፉ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8-ሲግ በሉት። መጀመሪያው ላይ 3 የመታወቂያ ባይት ያስቀምጣል፣ ኤክሴል በእነሱ ያውቀዋል።

ሲኤስቪ ስጽፍ በየረድፉ መካከል ባዶ መስመር ይገባል።

ዊንዶውስ ላይ ነው፣ አይደል? ሲኤስቪ ዓምዶቹ በኮማ የሚለያዩ የሰንጠረዥ ፋይል ነው። የሲኤስቪ ሞጁሉ የራሱን 13 እና 10 ይጽፋል፣ ፓይተን ደግሞ በላዩ ይጨምርበታል። ኦፕን ውስጥ ኒውላይን እኩል ይሆናል ብላችሁ ባዶ ጥቅስ ስጡት።

ደንበኛው ያስገባው ጽሑፍ ራሱ ሁለት መስመር ቢሆንስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ ሰው አድራሻው ላይ «ደቻቱ» ብሎ ኢንተር መትቶ «ከመስጊዱ አጠገብ» ቢል፣ የእናንተ «አንድ መስመር አንድ ሰው» የሚለው ስሌት ይፈርሳል፤ «ከመስጊዱ አጠገብ» የሚባል አዲስ ደንበኛ ይመዘገባል። ከመጻፋችሁ በፊት በውስጡ ያለውን የመስመር ምልክት በሪፕሌስ ወደ ክፍት ቦታ ቀይሩት። ምልክቱ የግድ መቆየት ካለበት ሲኤስቪ ሞጁሉ በጥቅስ ውስጥ አስገብቶ ይይዘዋል፣ ጄሰን የተባለው የመረጃ አጻጻፍ ደግሞ ወደ ባክስላሽ ኤን ቀይሮ በአንድ መስመር ያስቀምጠዋል።

በሌሎቹ ቋንቋዎችስ?

ጥያቄው አንድ ነው፤ ትዕዛዙ ምልክቱን ራሱ ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? በጃቫ ፋይልስ ከተባለው ክላስ ራይትን ሊስት ብትሰጡት ለእያንዳንዱ ይጨምራል፤ በባፈርድራይተር ከሆነ ኒውላይንን እናንተ ትጠራላችሁ። በሲ ሻርፕ ራይትኦልላይንስ ይጨምራል፣ ራይትኦልቴክስት አይጨምርም። በሲ ፑትስ ይጨምራል፣ ኤፍፑትስ አይጨምርም፤ የስማቸው መመሳሰል ብዙ ሰው አሳስቷል። በኖድ አፔንድፋይል አይጨምርም። በፒኤችፒም ፋይል ፑት ኮንቴንትስ አይጨምርም፤ እዚያ ላይ ደግሞ ባክስላሽ ኤን በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ከሆነ እንደ መስመር ምልክት ሳይሆን እንደ ሁለት ተራ ፊደል ይጻፋል፣ ድርብ ጥቅስ ተጠቀሙ።

ምልክቱ የማይታይ ከሆነ መኖሩን በምን አውቃለሁ?

ፓይተን ውስጥ ፋይሉን አንብባችሁ ያነበባችሁትን ሬፐር በተባለው ፋንክሽን ውስጥ አድርጋችሁ ፕሪንት በሉት፤ ምልክቶቹ ከነስማቸው ይወጣሉ። የዊንዶውሱን 13 ማየት ከፈለጋችሁ ግን ፋይሉን አርቢ ብላችሁ በባይትነቱ ክፈቱት፤ አለበለዚያ ፓይተን ሲያነብ 13 እና 10ን ወደ 10 ይለውጥና ይደብቅባችኋል። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ያላችሁ ሁሉንም ምልክት አሳይ የሚለውን ከሜኑው ምረጡ። ሊኑክስ ላይ ካት በሉና ከሰረዝ ጋር ትልቁን ኤ ጨምሩ፤ በየመስመሩ ጫፍ የዶላር ምልክት ይመጣል። ከዶላሩ በፊት ቀስት መሳይ ምልክትና ትልቅ ኤም ካያችሁ ያ 13 ነው። አማርኛውን ግን በዚህ መንገድ አታነቡትም፤ ካት እያንዳንዱን ባይት በምልክት ስለሚያሳይ የተዘባረቀ ይመስላል፣ ፋይሉ ግን አልተበላሸም።

ያ የሳቢያኑ ተማሪዬ ፋይሉን መጀመሪያ በሬፐር ያየ ማታ፣ በ12050 ጎን አንድም ምልክት አልነበረም። ኮዱን አርሞ ዱቤዎቹን ከእናቱ ደብተር እያየ እንደገና አስገባና በድጋሚ ከፈተው። በየቁጥሩ ኋላ ባክስላሽ ኤን፣ ባክስላሽ ኤን። «ቲቸር፣ አሁን አየሁት» አለኝና ለእናቱ ደወለ።